የዶክተር ዘላለም ምሳ

«ምን ጎደለው አሉ? ጨው ነው?»

የምግብ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ኅሩይ የታሸገውን ምሳ መኪናቸው ላይ አስቀምጠው አይዳ ላይ አፈጠጡ። «ምሳህ ዌብሳይት ላይ ወጥቷል» ስትላቸው ደንበኛ ያማቸው መስሏቸዋል። አይዳ ፋርማሲ የምትማር የሰፈራችን ልጅ ናት፤ አንቱታን ኮሌጅ ስትገባ በር ላይ ትታዋለች። እኔ የሱቄን በር ተደግፌ እሰማለሁ፤ እዚህ ባሕር ማዶ፣ የሐበሻ ሱቅ በሞላበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሥራ የሚያስፈታ ወሬ አይጠፋም።

«ምግብህን ማንም አልነካም፣ ጋሼ። ይሄ ለሐኪምህ ለዶክተር ዘላለም ቢሮ አይደል? የሚከፍለው ማን ነው?»

«ያቺ ሻንጣ የምትጎትተው ጨዋ ልጅ ናታ።»

«እሷ የመድኃኒት ካምፓኒ ሠራተኛ ናት። ያንተን አዲሱን የደም ግፊት ኪኒን የሚሠራው ካምፓኒ። ካምፓኒዎች ለሐኪም የሰጡትን፣ ምሳም ቢሆን፣ መንግሥት ዌብሳይት ላይ ለሁሉም ያሳያል። የዶክተሩን ስም ሰርች አድርጌ አየሁት።»

የጋሼ ኅሩይ ፊት ጠቆረ። አዲሱን ኪኒን ከጀመሩ ወዲህ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ በቀደም ዌስት አዳምስ መንገድ ላይ ከቆመ መኪና ጋር ሊላተሙ ለጥቂት ተረፉ። የድሮው ተስማምቷቸው ነበር። ሐኪምን መጠየቅ ግን ለሳቸው ሐኪምን መስደብ ነው።

«መንግሥት በሰው ምሳ ምን አገባው?» አሉ። «ነገ ደግሞ የኔን በሽታ ያወጣዋል።»

«ያንተ ስም የለበትም። የከፈለና የተቀበለ ብቻ ነው።»

«ሶ፣ ዘላለም በአንድ ሽሮ ሸጠኝ ነው የምትይው?»

«አላልኩም። ኪኒኑ በእውነት ላንተ የሚሻል ሊሆን ይችላል። ጠይቀው ነው ያልኩህ። በራስህ ደግሞ እንዳታቆመው።»

ነገሩ ሲከር ጊዜ ጣልቃ ገባሁ። «ጋሼ፣ እኔንና ወንድሜን ሊያስታርቁ ቤቴ የመጡ ቀን፣ ውሃ እንኳ አልቀምስም ያሉኝ ለምን ነበር?»

«ዕርቅ ሳይወርድ ሽማግሌ የአንዱን ወገን እህል አይቀምስም።»

«ያዳላል ብለው?»

«ባያዳላም ሌላው ወገን ይጠረጥራል።»

«ቀምሶ ከሆነስ? ሌላው ወገን ቢያውቅ ይሻላል ወይስ ባያውቅ?»

ጋሼ ኅሩይ የታሸገውን ምሳ ትክ ብለው አዩት። እኔም ብዙ አልተማርኩም፤ ይህችን ግን አውቃለሁ፤ የምሳው መታወቅ ሐኪሙን ሌባ አያሰኘውም፣ ለበሽተኛው ግን የመጠየቂያ አፍ ይሰጠዋል። አፍ ያለው በሽተኛ ደግሞ ራሱ እየዞረበት መኪና አይነዳም።

ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ለዶክተሩ ደወሉና ስፒከር ላይ አደረጉት።

«ዶክተር፣ ምሳህ እየመጣ ነው። እስከዚያው አንድ ነገር ልጠይቅህ። የድሮውን ኪኒኔን ለምን ቀየርክብኝ? አዲሱ ያዞረኛል።»

የዶክተሩ ድምፅ ከስልኩ ወጣ። «ምነው ጋሼ፣ አያምኑኝም እንዴ?»

«አምንሃለሁ፣ ልጄ። ምሳውን ግን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ አውቃለሁ።»