የካዱትንም የጻፈው ማሪኖስ

አባታችን አቡነ ሌዎንድዮስ፣ ቀሳውስት፣ ዲያቆናት፣ የብራና ቤት ባልደረቦቼ፤

ዲያቆን ማሪኖስ ነገ ወደ እኅቱ የወይን ቦታ ይሄዳል። የጻፈው የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ግን እኛ ዘንድ ይቀራል። ሙሉ ሆኖ ይቀራል ወይስ ተቀንሶ፣ እሱንም እናገራለሁ። አስቀድሜ ስለ ሽንኩርቱ ልናገር።

ማሪኖስ ከጋዛ ወደ አስቀሎና የመጣ ቀን በረኛችን የቀን ሠራተኛ መስሎት ወደ ማድ ቤት ሰደደው። የዚያን ጊዜው ጳጳስ ታሪክ እንዲጽፍላቸው ያስመጡትን ሊቅ ሲጠብቁ፣ ሊቁ ሽንኩርት ሲልጥ አረፈደ። በኋላ ዓይኑ ቀልቶ ቀረበ።

«ምነው ማንነትህን አትናገርም ነበር?» ቢሉት፣ «ወጥ ቤቷ ከእርስዎ በፊት የነበሩትን ጳጳስ ታውቃቸዋለች። ጨርሳ እስክትነግረኝ ነው» አለ።

ወጥ ቤቷ እንደነገረችን ከሆነ ሽንኩርቱንም በደንብ አልላጠውም።

በስብከት መካከል ሰባኪው ዘመን ከተሳሳተ ማሪኖስን ሳል ይይዘዋል። አባታችን፣ እርስዎም ዓመት ከመጥራትዎ በፊት ወደ እሱ ዞር የሚሉት ለዚህ እንደሆነ ምእመናን ሁሉ ያውቃሉ።

ስለ መከራው ዘመን የሚመሰክር ሰው ሲመጣለት መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሰማዕታት አይደለም። «ያን ዕለት ምን በልተው ነበር?» ይላል። አንድ ሽማግሌ በጥር ወር የሆነውን ነገር ቆሜ አይቻለሁ አሉና፣ የበሉትን ሲጠየቁ ከዛፉ የወረደ በለስ አሉ። ማሪኖስ ብዕሩን አስቀመጠ። «በጥር በለስ አይበስልም፤ እንግዲያስ አባቴ፣ ያዩት ሌላ ቀን ነው» አላቸው።

አያቱን ከሰማዕታት ሊያስቆጥር እንስራ ሙሉ ወይን አሸክሞ የመጣውን ባለጠጋም ታስታውሳላችሁ።

«አያቴ ለክርስቶስ ብሎ ነው የሞተው።»

«በምን ሞተ?»

«ከጣሪያ ወድቆ።»

«ማን ገፋው?»

«የገፋውስ የለም።»

«ጣሪያው ላይ ምን ይሠራ ነበር?»

«በለስ ሊያሰጣ ወጥቶ ነው።»

«ወይኑን እዚያ ጋ አስቀምጠው። አያትህን ግን ይዘህ ተመለስ።»

ያ ቤተሰብ ዛሬም ሰላም አይለውም። ወይኑ ጥሩ ነበር፤ እኔም ቀምሻለሁ።

አሁን ቀልዱን ልተው። የመጽሐፉ ሰባተኛ ክፍል ሰው ሁሉ ለቄሣር ምስል ዕጣን ያጥን ተብሎ በታወጀ ጊዜ ፈርተው ያጠኑትን የከተማችንን ሰዎች በየስማቸው ይናገራል። ባለፈው ሳምንት አባታችን አስጠሩኝና፣ «እማማ ሲልዋና፣ ማሪኖስ ከሄደ በኋላ በአዲሱ ቅጂ ያንን ክፍል ብንተወውስ? ሰዎቹ ሞተዋል። ልጆቻቸው ግን በየእሑዱ ፊቴ ቆመው ያስቀድሳሉ» አሉኝ። በክፋት አላሉትም። የልጆቹን ፊት የሚያዩት እሳቸው ናቸው።

እኔም ከነዚያ ልጆች አንዷ ነኝ። አባቴ ኒቃንድሮስ ሸማኔ ነበር። ዐዋጁ የተነበበ ቀን ታሞ ተኝቶ ነበር እየተባልን አደግን። ማሪኖስ ከምስክሮቹ ሌላ ነገር ሰማ፤ ከመጻፉ በፊትም ወደምጽፍበት ቦታ መጣ።

«ስለ አባትሽ የሰማሁት አለ» አለኝ። «ዕጣን አጥኗል።»

«ብትተወውስ?»

«የእሱን ከተውኩ የሁሉንም መተው አለብኝ። ያኔ እምቢ ብለው የሞቱት ሰዎች ምን ያህል ከባድ ነገር እንዳደረጉ በምን ይታወቃል?»

ለወራት አላነጋገርኩትም። ቀለም ስፈልግ እንኳ ሰው እልክበት ነበር። እሱ ግን መጠየቁን አልተወም፤ ኒቃንድሮስ ከዚያስ በኋላ ምን አደረገ እያለ የአባቴን እኩዮች ሲያፈላልግ ከረመ። አንድ ቀን የጻፈውን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። አባቴ ከንስሐ ገቢዎች ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ውጭ፣ ዝናብ እየወረደበት፣ የሚገባውን ሁሉ «ጸልዩልኝ» እያለ ብዙ ክረምት ቆሟል።

ልጅ ሳለሁ እሑድ እሑድ ካባው ረጥቦ ሲገባ አይ ነበር። እናቴ በባሕሩ ዳር ስለሚሄድ ነው ትለን ነበር። መካዱን ላለመናገር ብለው ንስሐውንም ደብቀውናል።

ማሪኖስ፣ አመሰግንሃለሁ። አንተ ባትጠይቅ ኖሮ አባቴን ሳላውቀው እሞት ነበር።

አባታችን፣ መልሴ ይኸው። አዲሱን ቅጂ ዛሬ ጠዋት ጀምሬያለሁ፤ የጀመርኩትም በሰባተኛው ክፍል ነው። የአባቴ ስም ገብቷል፣ ንስሐውም ገብቷል። ሌሎቹም ይከተላሉ። ይውጣ ካሉ ሌላ ጸሐፊ ይዘዙ። ማሪኖስ ግን ይህን ሳያውቅ እንዲሄድ አልፈለግሁም።

አሁን ሁላችሁም ጽዋችሁን አንሡ። ማሪኖስ፣ ጉልበትህ ይጽና፣ እንቅልፍህ ይጣፍጥ፣ ጎረቤቶችህም ዘመን የማይሳሳቱ ይሁኑልህ። አባታችን፣ እርስዎ ጽዋዎን ካነሡ ክፍሉ እንዳለ እንዲቆይ ፈቅደዋል ብዬ እወስዳለሁ።

የሚያስቸኩለን የለም። እንጠብቃለን።

አባታችን አነሡ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንግዲህ ለማሪኖስ እንጠጣ።