ገደብ የሌለው አካውንት

ኦሃዮ ውስጥ ወዳለችው ኦቤትስ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የአንድ መጋዘን ሠራተኞች ተቀምጠዋል፤ አንዲት እናትና ኮምፒውተሩን የሚቆጣጠር ወጣት።

«አንተ፣ ትናንት የዕቃ መመዝገቢያ ስካነራችን ለምን ቆመ?»

«አለቃችን ሪፖርት ሲያወጣ ሁላችንም የምንጠቀምበትን ሰርቨር ብቻውን ያዘው፣ እትዬ ዘይነባ።»

«እኛ ትንሽ ካበዛን ይዘጋብን የለም እንዴ? ለእሱ ገደብ የለውም?»

«የሁላችሁንም አካውንት ገድቤያለሁ። አለቃን መገደብ ነውር መስሎኝ የእሱን ተውኩት።»

«ተው ብሎህ ነው?»

«ኧረ ምንም አላለኝም።»

«በቆምንበት ሰዓት ስካን ያደረግሽው አነሰ ብሎ ከሥራ ፋየር አደረገኝ እኮ! አሁን የምሄደው ባጄን ልመልስ ነው።»

«ውይ እትዬ! ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ብዬ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።»

«ተወው። አለቃን አጥፍተሃል ማለትማ የባሰ ነውር ነው።»

ወሬያቸው ይዞኝ፣ ሾፌሩ እንዲያቆም የሚሳበውን ገመድ ሳልስብ የምወርድበትን ፌርማታ አለፍኩት።