ቤቶች ብሎ መግባት

ከመሐል ሜዳ በተነሣው ሚኒባስ እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ጎልማሳ ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ሚስቴ ከሞተች ወዲህም ከደጅ ‹ቤቶች!› ብዬ ነው የምገባው» አሉ ሽማግሌው።

«ማን አቤት ይልዎታል፣ አባቴ?»

«ማንም። ዝም ብዬ ስገባ ግን ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል።»

«እኔም ባሌ ሲሞት ጎረቤቶቼ ባይኖሩ አብድ ነበር። አብረውኝ አለቀሱ፤ ወጣልኝ።»

«እናንተ ሴቶች ታድላችኋል። ወንድ ሲከፋው ‹ሚስት አግባ› ይሉታል፣ በሬ እንደሞተበት ሁሉ።»

ሴትዮዋ ሣቅ አለች።

«ታዲያ ለምን አያገቡም?»

«አግብቼ ‹ቤቶች› ስል፣ ሌላ ድምፅ አቤት ቢለኝስ ልጄ?»

ሞላሌ ላይ ወርጄ ቤቴ ስደርስ፣ ቁልፉን ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ በገዛ ደጄ ጥቂት ቆምኩ።