ደወሉ እስከተሰማበት ድረስ

(በጣና ሐይቅ ላይ፣ ሴት በማትረግጣት በደብረ ጽሞና ደሴት የታንኳ መውረጃ፤ በግንቦት ወር፣ ከቀትር በኋላ። የሐይቅ ጥበቃ ጀልባ መሪዋ አንጓች ጀልባዋን ከዳር ጥቂት ራቅ አድርጋ አቁማለች፤ የገዳሙ መጋቢ አባ ዘሥላሴ ዳር ላይ ቆመዋል።)

አባ ዘሥላሴ፦ ገመዱን እንዳትወረውሪ! ብትወረውሪም አልይዘውም።

አንጓች፦ አባቴ፣ ጀልባው ካልታሰረ ነፋሱ ይወስደኛል። በሽተኛው የታሉ?

አባ ዘሥላሴ፦ አባ ኅሩይ ዋርካው ሥር፣ ቃሬዛ ላይ ናቸው። እኛ ሰው ላኩልን አልን እንጂ ሴት ላኩልን መቼ አልን?

አንጓች፦ ሴት ሰው አይደለችም እንዴ?

አባ ዘሥላሴ፦ አታሹፊብኝ። ይህ ገዳም ከተገደመ ጀምሮ የሴት እግር አልረገጠውም። የጎርጎራው ጀልባ የት ሄደ? በችግራችን ጊዜ የሚደርስልን እሱ ነበር።

አንጓች፦ ጎርጎራ ቆሟል። ግን ወደዚህ መምጣት አይችልም።

አባ ዘሥላሴ፦ ምነው፣ ተበላሸ?

አንጓች፦ እሱስ ደኅና ነው። የተከፈለው ሐይቁ ነው።

አባ ዘሥላሴ፦ ሐይቅ እንደ ቅርጫ ሥጋ ይከፈላል?

አንጓች፦ ተከፈለ እኮ! እስከ ፋሲካ ድረስ መሥሪያ ቤታችን አንድ አለቃ ነበረው፤ የቀረበው ጀልባ የተጠራበት ይሄዳል። አሁን ሦስት ቀጣና ሆነናል፤ ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ። ለየቀጣናው የራሱ አዛዥ፣ የራሱ ጀልባ፣ የራሱ ነዳጅ። ከመስመር የወጣ ይጠየቃል። መስመሩ ደግሞ ከደሴታችሁ በላይ፣ በሰሜን በኩል አለፈ። ስለዚህ እናንተ የምሥራቅ ናችሁ። የምሥራቁን ጀልባ የምነዳው እኔ ነኝ።

አባ ዘሥላሴ፦ ያሰመረው ሰው ማን ይባላል?

አንጓች፦ ምኑን አውቄው! ከተማ ተቀምጠው በማስመሪያ ነው ያሰመሩት።

አባ ዘሥላሴ፦ እዚህ ገዳም አለ የሚል አንድ ክርስቲያን ጠፋ?

አንጓች፦ ካርታው ላይ እኮ የምስር ፍሬ ነው የምታክሉት።

አባ ዘሥላሴ፦ በይ ተመለሽና የጎርጎራውን ላኪልን።

አንጓች፦ እሺ፣ ልላክ። የሰሜኑ አዛዥ የምሥራቁን ይጠይቃል። የምሥራቁ ዋናውን መሥሪያ ቤት ይጠይቃል። ዋናው ስብሰባ ላይ ነው። ፈቃዱ ሲደርስ የአባ ኅሩይ አርባ ይወጣል።

አባ ዘሥላሴ፦ በስመ አብ! አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ።

አንጓች፦ ይቅር ይበሉኝ። ተናድጄ ነው። ሕመማቸው ምንድን ነው? ስልኩ ተቆራርጦብኝ በደንብ አልሰማሁም።

አባ ዘሥላሴ፦ ሽንት ከልክሏቸዋል። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ትናንት ያቃስቱ ነበር፤ ዛሬ ማቃሰቱንም ተዉት።

አንጓች፦ እኮ! ይህ ሐኪም ዘንድ ቢደርሱ ወዲያው የሚቀልላቸው ነገር ነው። ካልደረሱ ግን… ሌሎቹ መነኮሳትስ?

አባ ዘሥላሴ፦ ጉልበት ያላቸው ሁሉ እህል ሊያመጡ ታንኳዎቹን ይዘው ማዶ ተሻገሩ። የቀረነው እኔና ዓይናቸውን ያጡ ሁለት ሽማግሌዎች ነን።

አንጓች፦ ታዲያ ቃሬዛውን እስከዚህ ማን አመጣው?

አባ ዘሥላሴ፦ ጎተትኩት።

አንጓች፦ ጀልባ ላይስ ጎትተው ያወጡታል?

አባ ዘሥላሴ፦ እግዚአብሔር ያውቃል።

አንጓች፦ እግዚአብሔርማ አውቆ ነው እኔን የላከኝ። አንዱን ጫፍ ልያዝልዎት።

አባ ዘሥላሴ፦ አይሆንም ብያለሁ!

አንጓች፦ እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርዎ። በእኛ ደንብ ሐይቅ የሚባለው ውኃው በመስከረም ሞልቶ የሚደርስበት ሁሉ ነው። ያ ድንጋይ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ይታይዎታል? እስከ እሱ ድረስ የእኔ ቀጣና ነው።

አባ ዘሥላሴ፦ ቀዩ ቀለም ከኋላዬ ነው እኮ!

አንጓች፦ ነዋ። በደንባችን እርስዎ አሁን አልቆሙም፤ እየዋኙ ነው።

አባ ዘሥላሴ፦ ኧረ ወዲያ! እግሬን አቧራ ለብሶት እያየሽ?

አንጓች፦ ደንብ አቧራ አያውቅም፣ አባቴ።

አባ ዘሥላሴ፦ ደንብ እኛም አለን። የቀደሙት አባቶች ሲገዝቱ፣ የድንጋይ ደወላችን እስከተሰማበት ድረስ ግዝት ነው ብለዋል። በእኛ ደንብ አንቺ ውኃ ላይ አይደለሽም፤ ገዳም ውስጥ ነሽ። ዝም ያልኩሽ ለበሽተኛው ብዬ ነው።

አንጓች፦ የእርስዎ ደንብ ጀልባዬን ዋጠ፤ የእኔ ደንብ እግርዎን ዋጠ። እኒያ ሽማግሌ ግን ሁለት ገዢ አግኝተው አንድ ተሸካሚ አጡ።

አባ ዘሥላሴ፦ ነገር ታውቂያለሽ።

አንጓች፦ ነፋስ ያስተምራል። ያንን ይመልከቱት፤ በስተምዕራብ ውኃው መንጣት ጀምሯል። ያ ነጭ እዚህ ከደረሰ ዛሬ ማንም ከዚህ አይወጣም።

አባ ዘሥላሴ፦ ለዚህ እኮ ነው ተመለሽ የምልሽ። እሳቸው ራሳቸው ትመለስ ብለዋል።

አንጓች፦ ማን? አባ ኅሩይ?

አባ ዘሥላሴ፦ አዎ። ስትመጪ የጀልባሽን ጥሩምባ ሲሰሙ ዓይናቸውን ገለጡና ትመለስ አሉ።

አንጓች፦ ጥሩምባዬን አወቁት?

አባ ዘሥላሴ፦ ማን የማያውቀው አለ? ሐሙስ ሐሙስ በዚህ ስታልፊ ትነፊው የለም? እኛ እኮ አንድ ጎረምሳ ነጂ ነው የሚነፋው እያልን ስናማ ነው የሰነበትነው። አባ ኅሩይ ብቻ አያሙም። ሐሙስ ሲሆን ሥራቸውን ትተው እዚህ ዋርካ ሥር ይቀመጣሉ። ምን ይጠብቃሉ ስላቸው፣ ነፋስ ይሉኛል።

አንጓች፦ ነፋስ።

አባ ዘሥላሴ፦ ለመሆኑ ስለ ምን ትነፊዋለሽ? ሐሙስ ሐሙስ ምን አደጋ አለ?

አንጓች፦ ይህን ቀጣና ማንም አልፈለገውም። ነፋሱ ክፉ ነው፤ አዛዡም ክፉ ነው። እኔ ለምኜ ገባሁበት።

አባ ዘሥላሴ፦ የጠየቅሁሽ ሌላ ነው።

አንጓች፦ ፉጨት መመለሴ ነው እኮ። ወላጅ አባቴ ፈንታ ታንኳ ነጂ ነበር። ሐሙስ ከገበያ ሲመለስ ከሩቅ ያፏጭልኛል፤ እኔ ዳር ቆሜ እጠብቀዋለሁ። እናቴ በሞተች በዓመቱ፣ አንድ ሐሙስ ፉጨቱ ቀረ። ታንኳውን ደንገል ውስጥ ባዶውን አገኘነው። ሰመጠ ብለን ለቅሶ ተቀመጥን። ኋላ አንድ ዓሣ ነጋዴ መጥቶ፣ ፈንታን ደብረ ጽሞና አየሁት፣ አባ ኅሩይ ተብሎ ቆብ ደፍቷል አለን።

አባ ዘሥላሴ፦ ፈንታ? … አየሽ ልጄ፣ መነኩሴ ለዚህ ዓለም የሞተ ነው። የዓለም ስም የለውም። ልጅም የለውም።

አንጓች፦ ከሞተማ ጀልባ ለማን ጠሩ? አባቴን ስጡኝ አላልኩም። የቀጣናዬን በሽተኛ ስጡኝ ነው የምለው።

አባ ዘሥላሴ፦ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። አንቺ ግን እንባም የለሽ።

አንጓች፦ እንባዬን ያኔ በለቅሶው ጨረስኩት። አባቴ፣ ሳይቀንሱ ይንገሩኝ። ትመለስ ብለው ዝም አሉ? ሌላ ቃል የለም? በቆብዎ።

አባ ዘሥላሴ፦ በቆቤ አታስምዪኝ!

አንጓች፦ አለ ማለት ነው።

አባ ዘሥላሴ፦ … አለ። ትመለስ፣ ነፋሱ ሳይነሣባት፤ ነው ያሉት።

አንጓች፦ ሳይነሣባት?

አባ ዘሥላሴ፦ ሳይነሣባት።

አንጓች፦ አውቀውኛል ማለት ነው። እንግዲያው አልመለስም።

አባ ዘሥላሴ፦ ልጄ፣ ተይ! ማዕበሉ እኮ ደረሰ።

አንጓች፦ አትርገጪ ብለውኛል፤ አልረግጥም። ገመድ አልይዝም ብለዋል፤ አልወረውርም። ግን እሳቸውን ሳልይዝ ሞተሩን አላስነሣም።

አባ ዘሥላሴ፦ ድንጋዩ ላይ ቢያጋጭሽስ? ብትሰምጪስ?

አንጓች፦ አዛዦቹ በማን ቀጣና ሰመጠች ብለው ይከራከሩ።

አባ ዘሥላሴ፦ የወለደሽ ሰውዬ ልብሽን ከምን ሠራው?

አንጓች፦ እሱን እዚያው ዋርካው ሥር ይጠይቁት።

አባ ዘሥላሴ፦ … የደብራችን ደዋይ ማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ?

አንጓች፦ እኔ ከየት አውቄ?

አባ ዘሥላሴ፦ አባ ኅሩይ ናቸው። እሳቸው ከወደቁ ወዲህ ደወሉ ለማንም አልተሰማም፤ ግዝቱ ደግሞ እስከተሰማበት ድረስ ነው። ገመዱን ወርውሪ፤ በራስጌያቸው በኩል የምትይዢው አንቺ ነሽ።