አብሮ የሚዞረው ዳዶ

በእኛ ጊዜማ ሰላ ድንጋይ ከተማ የነበረው የናፍጣ ወፍጮ አንድ ብቻ ነው፤ እህል አስገቢዋም እኔ ነበርኩ። ታዲያ አንድ ቀን ሞተሩ ዘይቱን መሬት ላይ ዘረገፈና ቆመ። እና መቼ ቢቆም ጥሩ ነው? የእትዬ ዘነበች ልጅ ልትዳር ሦስት ቀን ሲቀራት! የሠርጉ ጤፍ በር ላይ ተደርድሯል፣ እትዬ ዘነበች ጆንያው ላይ ቁጭ ብለው፣ «ዛሬ ካልተፈጨ ልጄን በባዶ ሞሰብ ልድራት ነው?» ይላሉ።

ታዲያ ከደብረ ብርሃን መካኒክ መጣ። ይኸው አያታችሁ ነው፣ ጥጉን ይዞ ያልሰማ የሚመስለው! አየ፣ አየና፣ «ቀላል ነው! ከፑሌጃው ኋላ ዘይቱን የምታግደው ጎማ ተበልታ ነው። ይቺን ዳዶ፣ የብሎኑን ማሰሪያ፣ ፈትቼ ፑሌጃውን ማውጣት ብቻ ነው» አለ። ፑሌጃ ታውቃላችሁ አይደል? ወፍጮውን ድንጋይ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የሚጠመጠምበት የሞተሩ ክብ ብረት።

ታዲያ ቺንጋውን አወለቀና የመፍቻ ቁልፉን አስገብቶ ገፋ፤ ዳዶው ከነፑሌጃው ዞረ። ደግሞ ገፋ፤ ደግሞ ዞረ። ናፍጣ አፈሰሰበት፣ በመዶሻ መታው፣ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰካ፣ እና ሁለት ሰዎች ፑሌጃውን አቅፈው ያዙለት። ሲገፋው ሦስቱም ተያይዘው ወደቁ!

«ልጄ፣ አንተ ነህ የምትፈታው ወይስ እሱ ነው የሚያሽከረክርህ?» አሉ እትዬ ዘነበች። ተራ የሚጠብቀው ሴት ሁሉ ሳቀ። እሱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ «ዝጎ ነው!» ይላል።

እኔ አላስችል አለኝ። የላዩን ድንጋይ አጥብቄ ስጫነው ሞተሩ እንደሚያቃስት አውቃለኋ! «ወንድሜ፣ ቺንጋውን መልሰው፤ እኔ ድንጋዩን ላጥብቀው። ድንጋዩ ከተያዘ ፑሌጃው ወዴት ይዞራል?» አልኩት።

«እህቴ፣ ይኼ የመካኒክ ሥራ ነው!»

እሺ አልኩት። እና ታዲያ ላቡ ሲንጠፈጠፍ፣ ማንም ያልነገረው ይመስል ቀስ ብሎ ቺንጋውን መለሰ። እኔም ድንጋዩን ጥርቅም አድርጌ አጠበቅሁት። አንዴ ገፋ፣ ቋ! ዳዶው ለቀቀ፣ እሱም ከነቱቦው እትዬ ዘነበች እግር ሥር ተዘረጋ። ጎማዋን ቀይሮ ሞተሩን አስነሳ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጤፉ ተፈጭቶ፣ እትዬ ዘነበች ዱቄት በዱቄት ሆነው እየመረቁን ሄዱ።

«ታዲያ ማን ፈታው ይባላል?» አልናት እኛ የልጅ ልጆቿ።

አያታችን ከጥጉ ቀና አለ። «እኔ ቀድሜ አላልቼው ነበር እኮ!»

አያቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ሰማችሁት? ዳዶው እንኳ በግማሽ ቀን እሺ ብሏል!»