ሬድዮው ዝም ያለበት ጠዋት

ከከተማዋ በስተሰሜን ባለው ቀበሮ ጉብታ በተባለ የባሕር ዛፍ ኮረብታ ላይ፣ ጭጋጉ ገና ሳይገለጥ፣ ለብስክሌተኞች አዲስ መንገድ የምትቆፍረው ትርሲት ዶማዋን እንዳነሳች የደን ጠባቂው ጋሽ ደምሰው ሬድዮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እያለከለከ ይደርሳል።

ጋሽ ደምሰው፦ በሕግ አምላክ! ዶማውን አውርጂ!

ትርሲት፦ ኧረ ጋሽ ደምሰው! ምን ሆነው ነው? ልቤን አወረዱት እኮ!

ጋሽ ደምሰው፦ በሕግ አምላክ ብያለሁ። ካለሽበት ንቅንቅ እንዳትዪ።

ትርሲት፦ አንድ እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እሱን እንኳ ላውጣው?

ጋሽ ደምሰው፦ ይቆይ። እኔ ፈትቼሻለሁ እስክል ድረስ እዚያው ቁሚ።

ትርሲት፦ እሺ፣ ቆምኩ። አባቴ በዚህ ቃል ከተጠራ ዱላ ቢያነሱበት እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ግን ሌባ ሲያዝ እንጂ መንገድ ሲጠረግ በሕግ አምላክ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ጋሽ ደምሰው፦ ይኸው ሰማሽ። በይ አሁን ዕቃሽን ሰብስቢና ሂጂልኝ።

ትርሲት፦ ልቁም ወይስ ልሂድ? አንዱን ይምረጡልኝ።

ጋሽ ደምሰው፦ አትቀልጂብኝ! ቀልድ ላይ አይደለሁም። ይሄን መንገድ ተይው። ሌላ ቦታ ቆፍሪ።

ትርሲት፦ የደን ጽሕፈት ቤቱ ፈቅዶልኛል። ሲፈቀድልኝ እርስዎም አጠገባችን ቆመው ነበር። ራስዎን ሲነቀንቁ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጋሽ ደምሰው፦ ዝንብ ላባርር ነው የነቀነቅኩት።

ትርሲት፦ ጋሽ ደምሰው፣ እሁድ የብስክሌት ውድድር አለ። ይሄኛው እስከ እሁድ ካልደረሰ ልጆቹ የሚወርዱት በላይኛው መንገድ ነው። እዚያ ላይ የደረሰውን ደግሞ ያውቃሉ።

ጋሽ ደምሰው፦ አላውቅም።

ትርሲት፦ አገር ምድሩ ያወራውን? ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ኪሩቤል ኩርባው ላይ እንጨት የተሸከመች ሴት ገጨ። ሸክሙ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፤ እሷ ጎንበስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ከኋላዋ የሚመጣውን በምን ዓይኗ ትየው? እሱ ፍሬን ቢይዝ ጎማው ቅጠሉ ላይ ተንሸራተተበት።

ጋሽ ደምሰው፦ ቀስ ብሎ አይነዳም ነበር?

ትርሲት፦ እሱንም ራሱ ይለዋል፣ ቀን ከሌት። ውሃ ላምጣላት ብሎ ሮጦ ሲመለስ ሴትዮዋ የለችም። ጓደኞቿ አንስተው ይዘዋት ሄደዋል። ክሊኒክ የተባለ ሁሉ አዳረሰ፣ መንደሩን በር በር አንኳኳ፣ አየሁ የሚል ሰው አጣ። አንድ የላስቲክ ጫማዋ ብቻ ቀርታ እሷን ይዞ ነው የሚዞረው።

ጋሽ ደምሰው፦ አረንጓዴዋን ጫማ እስካሁን አልጣላትም?

ትርሲት፦ አረንጓዴ መሆኗን ማን ነገረዎ?

ጋሽ ደምሰው፦ ማን ይነግረኛል? እንጨት ለቃሚ ሁሉ የሚጫማው አረንጓዴ ነው።

ትርሲት፦ ጥቁርም አለ፣ ሰማያዊም አለ።

ጋሽ ደምሰው፦ ስለ ጫማ ልታስተምሪኝ ነው የመጣሽው? ይሄን ቦታ ተይው አልኩሽ። ችግኝ አለበት።

ትርሲት፦ ጥዶቹን አንድም አልነካሁ። ይዩ፣ እያንዳንዷን እየዞርኩ ነው የቆፈርኩት። ብስክሌት መዞር ይወዳል።

ጋሽ ደምሰው፦ የጅብ ጉድጓድም አለ።

ትርሲት፦ የት?

ጋሽ ደምሰው፦ እዚያ ማዶ።

ትርሲት፦ ማዶ ላለ ጅብ እዚህ መንገድ ይከለከላል? ጋሽ ደምሰው፣ ውሸት አይሆንልዎትም፤ ጆሮዎ ይቀላል።

ጋሽ ደምሰው፦ ስለሮጥኩ ነው። ነገ ነይ። ነገ ደግሜ አልናገርሽም። ዛሬን ብቻ ተይኝ።

ትርሲት፦ ዛሬ ምን አለ?

ጋሽ ደምሰው፦ ምንም የለም።

ትርሲት፦ አሁን ደግሞ ግንባርዎም ላበው። ይስሙኝ፣ እኔም የምነግርዎት ነገር አለ። ቅጠሉን ስጠርግ ከሥሩ ምን እንዳገኘሁ ያውቃሉ? ዶማ የማያስፈልገው መንገድ። ስንትና ስንት እግር የረገጠው፣ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ። ከላዩ ቅጠል ተበትኖበታል።

ጋሽ ደምሰው፦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ይረግፋል። ምን ይደረግ?

ትርሲት፦ የሚረግፈው መንገዱ ላይ ብቻ ነው? ግራና ቀኙ እኮ ባዶ ነው። ደግሞ ይቺን ልጥ አገኘሁ፤ የእንጨት ሸክም ማሰሪያ ናት፤ ገና እርጥብ ናት።

ጋሽ ደምሰው፦ ፍየሎች ይሆናሉ።

ትርሲት፦ ሸክም የምታስር፣ ስትጨርስ ደግሞ ዱካዋን በቅጠል የምትሸፍን ፍየል አለች? እንግዲያው እሷን ነበር ጠባቂ ማድረግ!

ጋሽ ደምሰው፦ አፍሽን ሰብስቢ!

ትርሲት፦ ይቅርታ፣ አመለጠኝ። ግን ዞር ብለው ይዩ እስቲ። ከዚህ ኮረብታ ላይ ከእርስዎ ጎጆ የሚታየው መሄጃ ይሄ ብቻ ነው። ሰው እዚህ ሲመላለስ እንዴት አላዩም?

ጋሽ ደምሰው፦ ዓይኔ ደክሟል።

ትርሲት፦ እኔ አንድ ዶማ ባነሳ ግን ይኸው እየሮጡ ደረሱ።

ጋሽ ደምሰው፦ ሥራዬ ነው።

ትርሲት፦ ደግሞ ያ ሬድዮ ምን ነካው? ድሮ እርስዎ ከመድረስዎ በፊት ዜናው ነበር የሚደርሰው። ኮረብታው ሁሉ የሚሰማው የእርስዎን ጣቢያ ነው። ዛሬ አንገትዎ ላይ ተንጠልጥሎ ትንፍሽ አይልም።

ጋሽ ደምሰው፦ ትርሲት፣ አንቺ ልጅ፣ የሰው እንጀራ መዝጋት ትፈልጊያለሽ?

ትርሲት፦ እኔ? የምፈልገው ሌላ ሰው እንዳይገጭ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ እርስዎ ካልነገሩኝ አላውቅበትም።

ጋሽ ደምሰው፦ ለማንም አልናገርም ብለሽ በአባትሽ ማይልኝ።

ትርሲት፦ አባቴ ይሙት፣ ከዚህ አይወጣም።

ጋሽ ደምሰው፦ እሺ። እንጨት ለቃሚዎቹ ናቸው። ወድቆ የደረቀ ጭራሮ ነው የሚለቅሙት፣ ቁሞ የበቀለ አይነኩም። ቢሆንም ክልክል ነው። በዚህ ይወርዳሉ፤ እኔ ጎጆዬ ተቀምጬ ሬድዮ እሰማለሁ።

ትርሲት፦ እና?

ጋሽ ደምሰው፦ እናማ ሬድዮው ከጮኸ የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ የለም ማለት ነው። ላይ ትልቁ ጥድ ሥር ሸክማቸውን አሳርፈው ያዳምጡና በዚህ በኩል ይወርዳሉ። ዝም ካለ መጥቷል ማለት ነው፤ በላይኛው መንገድ ዞረው ይሄዳሉ። ከነሱ ጋር ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ተነጋግረን አናውቅም። አብረን ዜና እንሰማለን፣ በቃ።

ትርሲት፦ ላይኛው መንገድ ማለት የኛው መንገድ እኮ ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ የናንተ ከመሆኑ በፊት የነሱ ነበር።

ትርሲት፦ ልክ ነው። ቆይ ግን፣ ቅዳሜ ዕለት ተቆጣጣሪ መጥቶ ነበር?

ጋሽ ደምሰው፦ አልመጣም።

ትርሲት፦ ታዲያ ለምን በላይ ሄዱ?

ጋሽ ደምሰው፦ ባትሪ ድንጋዩ አለቀ።

ትርሲት፦ የምን ባትሪ ድንጋይ?

ጋሽ ደምሰው፦ የሬድዮው ነዋ! ዜናው መሐል እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ድንጋዮቹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ትንሽ ሲሞቁ ይነሳሉ ብዬ፣ እንደ ሁልጊዜው። እኔ እነሱን እያገላበጥኩ ሳለሁ ነው ጩኸቱን የሰማሁት።

ትርሲት፦ ሴትዮዋን ያውቋታል።

ጋሽ ደምሰው፦ ልጆቼን የወለደችልኝ ናት።

ትርሲት፦ እትዬ አስካለ? ወይኔ! ወይኔ ጋሽ ደምሰው!

ጋሽ ደምሰው፦ ዳሌዋ ነው። ወጌሻ አሽቷታል። በጎኗ ትተኛለች፣ ስትገላበጥ ከንፈሯን ትነክሳለች። ሐኪም ቤት ብወስዳት የት ነው የተገጨሽው፣ ምን ትሠሪ ነበር ይሏታል። የደን ጠባቂ ሚስት ምን ብላ ትመልስ?

ትርሲት፦ ኪሩቤል ይምጣ። ዛሬውኑ ይምጣና እግሯ ላይ ይውደቅ።

ጋሽ ደምሰው፦ እንዳታደርጊው! እሱ ከመጣ ሰፈሩ ይጠይቃል። ሰፈሩ ካወቀ ተቆጣጣሪው አወቀ ማለት ነው። እኔ ብባረር እኔ ብቻዬን ነኝ፤ እነዚያ ሁሉ ሴቶች ግን ልጆቻቸውን የሚያበሉት በዚህች ጭራሮ ነው።

ትርሲት፦ እሷ ስለሱ ምን ትላለች?

ጋሽ ደምሰው፦ ልጁ ከኔ በላይ ይንቀጠቀጥ ነበር ትላለች። አንጀቴን በላው ትላለች። እኔ እንደሷ አይደለሁም፤ ባገኘው አንቀው ነበር። ከዚያ ይሄን ሬድዮ ሳየው ራሴን ማነቅ ያምረኛል።

ትርሲት፦ ጋሽ ደምሰው፣ ባትሪ ስላለቀ እኮ ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ ዓርብ ማታውኑ አዲስ መግዛት ነበረብኝ! እሷም ነግራኝ ነበር። ነገ እገዛለሁ አልኩ።

ትርሲት፦ አሁንስ? አሁንም አለቀ?

ጋሽ ደምሰው፦ አዲስ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መለዋወጫ በኪሴ ይዤ ነው የምዞረው። ዛሬ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ተቆጣጣሪው ይመጣል። ደግሞ የሚመጣው ያንቺን አዲስ መንገድ ሊያይ ነው፤ በእግሩ እዚህ ድረስ ይወርዳል። ይሄን የተረገጠ መሬት አይቶ ምንድን ነው ቢለኝ ፍየል ነው ልበለው?

ትርሲት፦ ለካ እኔ ነኝ ጎትቼ ያመጣሁብዎት።

ጋሽ ደምሰው፦ ለዚህ ነው ሂጂልኝ ያልኩሽ። ቅጠሉን መልሼ ላለብሰው። አንቺ ወደ ታች ሌላ ቦታ እየቆፈርሽ ጠብቂው። ሴቶቹ ዛሬ በላይ ይዞራሉ፤ ማንም ማንንም አያይም።

ትርሲት፦ ምን አሉ? ሴቶቹ ዛሬ በየት ይዞራሉ?

ጋሽ ደምሰው፦ በላይ ነዋ።

ትርሲት፦ አይ! አይሆንም! ዛሬ አይሆንም!

ጋሽ ደምሰው፦ ምን ሆንሽ?

ትርሲት፦ ልጆቹ ጫፉ ላይ ናቸው! ለልምምድ ይዣቸው ወጥቼ፣ ጭጋጉ እንደተገለጠ በላይኛው መንገድ ውረዱ ብያቸው መጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴቶቹ እዚያ ዝር ብለው አያውቁም፣ ቀርተዋል ብዬ!

ጋሽ ደምሰው፦ ያልመጡት ሬድዮው ስለሚጮህ ነው እኮ!

ትርሲት፦ አሁን ገባኝ! ከፊት ደግሞ ኪሩቤል ነው። ብስክሌት ደግሜ አልነካም ብሎ ነበር፤ ዛሬ ገና ለምኜ አወጣሁት።

ጋሽ ደምሰው፦ ጭጋጉ… ጭጋጉ እኮ ተገልጧል።

ትርሲት፦ አየሁት!

ጋሽ ደምሰው፦ ደውይላቸው!

ትርሲት፦ እዚህ ኔትወርክ የለም። ይኸው ይዩ፣ አንድም የለም!

ጋሽ ደምሰው፦ አንገትሽ ላይ ያለው ፊሽካስ? ንፊው!

ትርሲት፦ እነሱ ከጀመሩ ከነፋሱ በቀር የሚሰሙት የለም። ሴቶቹ ግን ቆመው እያዳመጡ ነው። ጋሽ ደምሰው፣ ሬድዮውን ይክፈቱት! ከከፈቱት በዚህ ይወርዳሉ፣ ከልጆቹ መንገድ ይወጣሉ!

ጋሽ ደምሰው፦ ዝም በይ እስቲ። ይሰማሻል?

ትርሲት፦ መኪና ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ የሱ መኪና ነው። ጎጆዬ ጋ ደርሷል። ብከፍተው ሸክማቸውን እንደተሸከሙ መጥተው ፊት ለፊት ይላተሙታል! በገዛ ሬድዮዬ ጠርቼ አስያዝኳቸው ማለት ነው። ሁለተኛ ማን ያምነኛል?

ትርሲት፦ ካልከፈቱትስ?

ጋሽ ደምሰው፦ እሱን አታንሺብኝ።

ትርሲት፦ ዛሬ እነማን ናቸው ላይ ያሉት?

ጋሽ ደምሰው፦ አትጠይቂኝ።

ትርሲት፦ እነማን ናቸው?

ጋሽ ደምሰው፦ ወይንሸት አለች። ልጄ። እናቷ ስለተኛች ዛሬ በሷ ፋንታ ወጣች። ሸክም ለምዳ አታውቅም፤ ከሁሉም ወደ ኋላ ነው የምትቀረው።

ትርሲት፦ ከኋላ ነው የሚመጡባት! ይፍቱኝ! ልሩጥበት፣ እግሬ እኮ አሁንም ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ ይፍቱኝ!

ጋሽ ደምሰው፦ ፈትቼሻለሁ! ሩጪ! ኩርባው ላይ ቁሚላቸው!

ትርሲት፦ በእግር ብቻ አልደርስም! ሬድዮውን ጋሽ ደምሰው፣ ስለ እመቤቴ!

ጋሽ ደምሰው፦ ከፈትኩት! እስከ ጥጉ ከፈትኩት! ሩጪ አልኩሽ!

ትርሲት፦ ሰውዬው ሰማ! የመኪናውን በር ዘግቶ ወደዚህ እየወረደ ነው!

ጋሽ ደምሰው፦ ይስማ! አንቺ አትቁሚ፤ አሁን እሱ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ።