ሐኪሙ ያለው ሌላው

ለንደን ውስጥ ወደ ሃርልስደን በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡት እናትና ልጅ ከሆስፒታል እየተመለሱ ነበር።

«ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት አውርቶ አንቺ ‹ትድኛለሽ ብሏል› ብቻ አልሽኝ። ሌላው የት ሄደ?»

«እማዬ፣ ዋናው እሱ ነው።»

«ሃያ ዓመት የሆስፒታል ዋርድ ሳጸዳ ሐኪሞች ‹መድኃኒቱ አልሠራም› ሲሉ ስንቴ ሰምቻለሁ! ዛሬም ሰማሁት፤ እንግሊዝኛዬ ለዚህ ይበቃል።»

«ሶሪ፣ እማዬ።»

«አታልቅሺ፣ የኔ ቆንጆ። እኔም እናቴን ሕመሟን እንዲሁ ደብቄያት ሳንሰነባበት አረፈች። ይልቅ የት መሞት እንደምፈልግ ጠይቂኝ።»

«የት ትፈልጊያለሽ?»

«ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ። አንቺ አጠገቤ ሆነሽ፣ ሳትዋሺኝ።»

በማግስቱ ሆስፒታል ለአባቴ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩና፣ አስቀድሜ ያዘጋጀሁለትን ‹ምንም የለብህም ብለዋል› እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ ዋጥ አደረግሁት።